ባትሪው ጥፋተኛ ነውን? የሞተር ሳይክል የቻርጅ ችግር ከፊዚክስ አንጻር ሲታይ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ርዝመቱ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ለሞተር ሳይክል አሽከርካሪ ቀላል ጉዞ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ከተቆረቆረችው ከተማ የተነሣ ሰው ብርዳማውን ደጋ አቋርጦ የቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ወደምትገኝበት የገደል አፋፍ ይደርሳል፤ ከዚያም ቢዘልቅ ወደ አልዩ አምባ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በዚህ አፋፍ ላይ ጉም በቀንም ቢሆን ድንገት ይወርዳል። እንዲህ ባለ ስፍራ የፊት መብራት መፍዘዝ ወይም የክላክስ ድምፅ መታፈን ተራ ብልሽት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ክትባት ይዞ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወርደው የጤና ባለሙያም ሆነ ዘር ለማከፋፈል የሚጓዘው የግብርና ባለሙያ ሞተሩ ማለዳ አልነሣ ቢለው ጉዳቱ ከእርሱ አልፎ ለሚጠብቁት ሰዎች ይተርፋል።

ሞተር ሳይክሉ እንዲህ ሲደክም ብዙውን ጊዜ የሚከሰሰው ባትሪው ነው። አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይገዛል፤ ለጥቂት ሳምንታትም ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን ያው ድካም ይመለሳል፤ አዲሱም ባትሪ እንደ ቀዳሚው «ሞተ» ተብሎ ይጣላል። ነገሩ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ የበሽታው ምልክት የሚታይበት አካል እንጂ የበሽታው መነሻ አይደለም። ለመሆኑ መነሻውን በምን እናውቃለን? መልሱ አንድ መልቲሜትር፣ ጥቂት ትዕግሥትና ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ ነው።

ጎተራውና ምርቱ

የተለመደው የሞተር ሳይክል ባትሪ የሚሠራው በእርሳስና በሰልፈሪክ አሲድ ነው። ባለ 12 ቮልት በሚባለው ባትሪ ውስጥ በተከታታይ የተያያዙ ስድስት ሴሎች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ድምሩ 12.6 ቮልት ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይሆናል። እንግዲህ ቴስተሩ ልክ 12.0 ቮልት ሲያሳይ ባትሪው ሞልቷል ማለት ሳይሆን ባዶ ለመሆን ተቃርቧል ማለት እንደሆነ ልብ ይሏል።

ባትሪው ኮረንቲ በሚሰጥበት ጊዜ በፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ይኸው ሰልፌት ወደ ቀድሞ ንጥረ ነገሮቹ ይመለሳል። ነገር ግን ባትሪው ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ሰልፌቱ ወደ ትልልቅና ጠጣር ክሪስታሎች ስለሚለወጥ በቀላሉ አይመለስም። የቻርጅ ሥርዓቱ በደከመ ሞተር ሳይክል ላይ አዲስ ባትሪ መግጠም ፍሬ የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪ ጎተራ ነው፤ ማሳው ካላፈራ ጎተራ መለወጥ እህል አያመጣም።

ምርቱ የሚገኘው ከዲናሞው ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳረጋገጠው በሽቦ ጥምጥም ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፍሰት በተለዋወጠ ቁጥር በጥምጥሙ ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ለውጡ በፈጠነ መጠንም ቮልቴጁ ይጨምራል። በሞተር ሳይክል ላይ ቋሚ ማግኔቶች የተገጠሙበት ከባድ ብረት ከሞተሩ ዘንግ ጋር ይሽከረከራል፤ ስታተር የሚባለው የመዳብ ሽቦ ጥምጥም ግን በቦታው ይቆማል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በደቂቃ 1,500 ዙር፣ በጉዞ ላይ ደግሞ 4,500 ዙር የሚሽከረከር ቢሆን ስታተሩ ያለ ጭነት የሚያመነጨው ቮልቴጅ ሦስት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው።

ይህ ኮረንቲ እንዳለ ለባትሪ አይሆንም፤ ተለዋዋጭ ነውና። በመሆኑም ክንፍ ክንፍ ባለው የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ የሚገኙት ዳዮዶች ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ ይለውጡታል፤ በዚያው ሳጥን ውስጥ ያለው ሬጉሌተር ደግሞ ቮልቴጁ ከ14.5 አካባቢ እንዳያልፍ ይቆጣጠራል። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚገኘው ሬጉሌተር ትርፉን ኮረንቲ የሚያስወግደው መልሶ በጥምጥሙ በኩል በማዞር ሲሆን በዚህም ሂደት ሙቀት ይፈጠራል። ሳጥኑ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ የሚታሰረው ስለዚህ ነው። ጭቃ የለበሰ ወይም በፌስታልና በጨርቅ የተጠቀለለ ሬጉሌተር ዕድሜው ያጥራል።

ደጋና ቆላ

የሰሜን ሸዋ መልክዐ ምድር በባትሪ ላይ የራሱን ፈተና ይጨምራል። በደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ። በቅዝቃዜ የባትሪው ኬሚካዊ ሂደት ይዘገያል፤ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሊሰጥ ከሚችለው ውስጥ አራት አምስተኛ ያህሉን፣ ማለትም 80 በመቶ ገደማውን ብቻ ይሰጣል። በዚያው ሰዓት የሞተር ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ኮረንቲ ይጠይቃል። አቅርቦቱ ሲቀንስ ፍላጎቱ ያድጋል ማለት ነው።

ሌላም ብዙ ያልተስተዋለ ነገር አለ። ባትሪን በሚገባ ለመሙላት የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ለእያንዳንዱ ሴል በአንድ ዲግሪ ቅዝቃዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊቮልት ጭማሪ ያስፈልጋል ብለን ብናሰላ፣ ባለ ስድስት ሴል ባትሪ ከ25 ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ 0.4 ቮልት ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል። የሙቀት መጠንን የማያገናዝብ ሬጉሌተር ግን በደጋም በቆላም የሚሰጠው ያንኑ ነው። ስለዚህ ያው ሞተር ሳይክል በደጋው ላይ ባትሪውን ሳይሞላ ሊውል፣ በቆላው ደግሞ ከመጠን በላይ ሞልቶ የባትሪውን ውሃ ሊያመናምን ይችላል። በቆላ የሚሠራ አሽከርካሪ የሚከፈት ባትሪ ካለው የአሲዱን መጠን ቶሎ ቶሎ መመልከትና ሲጎድል የተጣራ ውሃ ብቻ መጨመር ይገባዋል። የምንጭና የቧንቧ ውሃ የያዙት ማዕድን ፕሌቶቹን ይጎዳል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ አለበት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት አሐዞች ባለ 12 ቮልት ለሆኑት የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ ባለ 6 ቮልት በሆኑት አሮጌ ሞተሮች ላይ የባትሪው ንባብ በግማሽ ይወሰዳል።

በመጀመሪያ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ማለዳ፣ ቁልፉ ሳይከፈት፣ በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ያለውን ቮልቴጅ እንለካለን። 12.6 ወይም በላይ ከሆነ ሞልቷል፤ 12.2 ከሆነ በግማሽ ላይ ነው፤ ከ12.0 በታች ከሆነ ግን ምርመራውን ከመቀጠል በፊት በውጭ ቻርጀር መሞላት ይኖርበታል። ከሞላ በኋላም 10.5 አካባቢ ላይ የሚቆም ባትሪ አንድ ሴሉ ሞቷልና በእርግጥም መለወጥ አለበት።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥተን ያንኑ ሥፍራ እንለካለን። ነዳጅ ሰጥተን ፍጥነቱን ወደ መካከለኛ ደረጃ ስናሳድግ ንባቡ በ13.5 እና በ14.5 መካከል ቢውል ሥርዓቱ ጤነኛ ነው። ከማለዳው ንባብ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ከዲናሞው የተነሣው ኮረንቲ ባትሪው ዘንድ አልደረሰም። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ሬጉሌተሩ ልጓሙን ለቋል፤ አሲዱ ይፈላል፣ አምፖሎችም ይቃጠላሉ። የተቃጠለ አምፖል በተደጋጋሚ የሚለውጥ ሰው ይህን ሳይለካ መዋል የለበትም።

ቮልቴጁ አልነሣ ካለ የስታተሩን ሶኬት ነቅለን ጥምጥሙን ለብቻው እንመረምራለን። ሦስት ሽቦ ባላቸው ዲናሞዎች ላይ በየሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኦም ያነሰና በሦስቱም ጥንዶች እኩል ነው። በእነዚህ ሽቦዎችና መካኒኮች «ማሳ» በሚሉት የሞተሩ ብረት መካከል ግን ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ሞተሩ ሲነሣም የሦስቱ ጥንዶች ተለዋዋጭ ቮልቴጅ እኩል ሆኖ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ማደግ አለበት። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ካነሰ ጥምጥሙ ተቃጥሏል። በአንዳንድ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የጥምጥሙ አንድ ጫፍ ሆን ተብሎ ከማሳ ጋር ስለሚታሰር በእነዚያ ላይ የማሳው ፍተሻ አይሠራም።

ስታተሩ ደኅና ሆኖ፣ ሽቦዎቹም ተፈትሸው፣ ባትሪው አሁንም የማይሞላ ከሆነ ያን ጊዜ ጥርጣሬው በሬጉሌተሩ ላይ ያርፋል። ሬጉሌተር የሚፈረድበት ሌሎቹ ነጻ ከወጡ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም።

ትንሿ ተቃውሞ

«ሽቦዎቹም ተፈትሸው» ያልነው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ኮረኮንች ላይ የሚንገጫገጭ፣ በክረምት ጭቃ የሚረጨው ሞተር ሳይክል ከሁሉ አስቀድሞ የሚደክሙበት ማገናኛዎቹ ናቸው። በአንድ የዛገ ሶኬት ላይ 0.2 ኦም ብቻ የሆነ ተቃውሞ አለ እንበል። በዚያ 5 አምፒር ሲያልፍ በኦም ሕግ መሠረት 1 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ሬጉሌተሩ 14.2 ቢሰጥ ባትሪው የሚያገኘው 13.2 ቮልት ነው፤ በዚህ ቮልቴጅ ደግሞ በተለይ በደጋው ብርድ መቼም አይሞላም። የቀረው 5 ዋት ኃይል በሶኬቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ፕላስቲኩን ያጠቁራል፤ ሙቀቱ ዝገቱን፣ ዝገቱም ተቃውሞውን ያብሳል።

እንዲህ ያለውን ጉድለት በዓይን ብቻ ማግኘት ያዳግታል፤ በቮልቴጅ ግን ይያዛል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሬጉሌተሩ ፖዘቲቭ መውጫ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ እናደርጋለን። ንባቡ ከ0.2 ቮልት በእጅጉ ከበለጠ በመካከሉ ያለው ማገናኛ፣ ፊውዝ ወይም ሽቦ ሌባ ነው። ያንኑ በኔጋቲቭ በኩል፣ በሬጉሌተሩ አካልና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል መድገም ይገባል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ በብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፣ ብሎን ማጥበቅና ግሪስ መቀባት ነው። ለአዲስ ባትሪ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ በኪስ ይቀራል።

የገቢና የወጪ ሒሳብ

ሁሉም አካል ጤነኛ ሆኖም ባትሪው ሊደክም ይችላል። ለምሳሌ የፊት መብራቱ 35፣ የኋላው 5፣ ማቀጣጠያው 20 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 60 ዋት፣ በ12 ቮልት 5 አምፒር ይሆናል። ዲናሞው በሚኒሞ 3 አምፒር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የጎደለውን 2 አምፒር የሚከፍለው ባትሪው ነው፤ ባለ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በዚህ አኳኋን በሦስት ሰዓት ተኩል ይሟጠጣል። ለጉም ተብሎ ባለ 55 ዋት ተጨማሪ መብራት ቢገጠም ወጪው በ4.6 አምፒር ያድጋል፤ 20 ዋት በሚወስድ የኤልኢዲ መብራት ቢተካ ግን ጭማሪው 1.7 አምፒር ብቻ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሞተር አጥፍቶ፣ መብራት አብርቶ ረጅሙን ቁልቁለት መውረድ ደግሞ ገቢውን ዜሮ ያደርገዋል፤ በሞተሩ ጉልበት መያዝንም ስለሚያሳጣ ፍሬኑን ለብቻው ያስጨንቀዋል።

የቆመ ሞተርም ወጪ ሊኖረው ይችላል። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ አላርም ወይም ሌላ ተጨማሪ ዕቃ 20 ሚሊአምፒር ቢወስድ በቀን 0.48 አምፒር-ሰዓት ይሆናል፤ ባለ 7 አምፒር-ሰዓቱን ባትሪ በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። ይህን ለማወቅ የባትሪውን ኔጋቲቭ ኬብል ፈትቶ አምፒር መለኪያውን በመካከል ማስገባት ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ግን ሞተሩን በሞተሪኖ ለማስነሣት መሞከር መለኪያውን ያቃጥላል።

ጥንቃቄና ኃላፊነት

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ ሲጋራም ሆነ ክብሪት በአጠገቡ አይቅረብ፣ ክፍሉም ነፋስ ያግኝ። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ግን ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን መንቀል ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ፈጥሮ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ሊያቃጥል ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም።

በመጨረሻም የባትሪ ነገር የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያለ ጊዜው የተጣለ እያንዳንዱ ባትሪ እርሳስና አሲድ የያዘ ነው። እርሳስ የነርቭ ሥርዓትን የሚጎዳ መርዝ ሲሆን ጉዳቱ በሕፃናት ላይ ይበረታል፤ በጓሮ የተሰበረ ወይም አሲዱ ሜዳ ላይ የፈሰሰ ባትሪ አፈሩንና ውሃውን ይበክላል። ስለዚህ ያበቃለት ባትሪ ሳይሰበር ለሚሰበስቡት ሰዎች መሰጠት አለበት፤ ያላበቃለት ደግሞ አለጊዜው መጣል የለበትም። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው፤ ከአዲስ ባትሪ ግዢ በፊት የማለዳውን ንባብ፣ የሞተሩን ንባብና የማገናኛዎቹን ንባብ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ መጻፍ በቂ መነሻ ይሆናል። ወረቀቷን የያዘ ደንበኛ ጋራዥ ሲገባም ከመካኒኩ ጋር የሚነጋገረው በግምት ሳይሆን በቁጥር ነው።