ለቅሶ የደረሰ መሪ

ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ ወልዲያ ላይ የፈሰሰውን ደም የከተማው ሰው ዛሬም በዕለቱ ስም ይጠራዋል፤ ቃና ዘገሊላ። የጥምቀት ማግሥት፣ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን ነው። ወጣቱ እየዘፈነና እየጨፈረ ታቦት ሲያጅብ፣ ከዘፈኑ መካከል መንግሥትን የሚነቅፍ ነበረበት። የጸጥታ ኃይሎች ይህን እናስቁም ሲሉ ግጭት ተነሣ፤ ጥይት ተተኮሰ። ባለሥልጣናት ራሳቸው ያመኑት 7 ሰው መሞቱን ነው። ነገሩ በወልዲያ አልቆመም። በቀናት ውስጥ ወደ ቆቦ፣ ከዚያም ወደ ሀብሩ ወረዳ ከተማ ወደ መርሳ ዘለቀ። በዚያም ሰው ሞተ፤ ቤትና ድርጅት ተቃጠለ፤ የትግራይ ተወላጆች ናቸው የተባሉ ሰዎች ንብረትም የቁጣው ሰለባ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በበዓል አክባሪዎች ላይ የተወሰደው የኃይል እርምጃ እጅግ እንዳሳሰበው አስታወቀ።

የሟቾቹ አርባ ሳይወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን የካቲት 8 ቀን ተናገሩ፤ በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጋቢት 24 ቀን ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ በዓለ ሢመቱ ላይ ካሰሙት ንግግር ብዙ ሰው የያዘው ይቅርታውን ነው። በየአካባቢው በነበረው ግጭት ስለጠፋው ሕይወት አዲሱ መሪ በምክር ቤት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ለዓመታት ዛቻና ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ለኖረ ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ በቴሌቪዥን ፊት ቆሞ ያለቀሰም ብዙ ነው። ልጁን ቀብሮ ለተመለሰ ቤተሰብ ግን ጥያቄው ከይቅርታው ማግሥት ይጀምራል። ይቅርታው ለየትኛው ጥፋት ነው? ማን ለፈጸመው? ልጄንስ ይጨምራል?

መሪ በሐዘን ጊዜ የሚናገረውን ቃል ሕዝብ እንዴት እንደሚመዝነው ለማወቅ ወደ ለቅሶ ቤት መሄድ ይበቃል። በሀብሩ ሰው ሲሞት ቅሬው ይነገራል፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት በዚህ አገር አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል፤ አንዱ ነፍስ ይማር ሲል ሌላው ዱዓ ያደርጋል። ለቅሶ ደራሽ ገብቶ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ "እግዜር ያጥናችሁ" ወይም "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" ይላል፤ ቀጥሎም ቀስ ብሎ "ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ሐዘንተኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረዋል፤ ጠዋት ምን እንደበላ፣ በየት በር እንደወጣ፣ ማን መጥቶ እንዳረዳቸው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ታሪኩ እንደገና ይነገራል፤ አሥር ጊዜ የሰማው ጎረቤትም አብሮ ይሰማል። በለቅሶ ቤት ተናጋሪው ሐዘንተኛው ነው፤ የመጣው እንግዳ አድማጭ ነው።

ባለሥልጣን ሲመጣ ይህ ደንብ ይገለበጣል። ድምፅ ማጉያው ለእንግዳው ይሰጣል፤ ሐዘንተኛው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያዳምጣል። ንግግሩ ስለ ሟች ጀምሮ ስለ ልማት፣ ስለ ጠላት፣ ስለ አንድነት ሄዶ ያልቃል። ሕዝቡ በሐዘን ንግግር ላይ ሲያጉረመርም ብዙ ጊዜ የሚቆጣው በተነገረው ብቻ አይደለም፤ ሳይጠየቅ በመቅረቱም ጭምር ነው።

ወሎ ለዚህ ቅሬታ የቆየ ምክንያት አለው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲያልቅ የዘውዱ መንግሥት ነገሩን ሸሽጎ ያዘው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸውን ፊልም ዓለም ካየው በኋላ ግን መሸሸጊያ ጠፋ። ደርግም ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ቀላቅሎ በ1967 የአዲስ ዓመት ዕለት ምሽት ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1977 መባቻ የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ለፓርቲው ጉባኤ ለሰዓታት ተናገሩ። ወሎ ግን ዳግም እየተራበ ነበር፤ በዚያ ንግግርም ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ብዙም ሳይቆይ፣ በጥቅምት 13 ቀን፣ ቢቢሲ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። አንዱን መንግሥት በዝምታው የከሰሰ ሌላው መንግሥት በዚያው ዝምታ ተያዘ።

ሕዝብ መሪን በለቅሶ አደባባይ ፊት ለፊት የገጠመበት ቀንም አለ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ምስል ከተለቀቀ በኋላ፣ መንግሥት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ሚያዝያ 14 ቀንም በመስቀል አደባባይ ሰልፍ ጠራ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ሲናገሩ ከሕዝቡ መካከል የተቃውሞ ጩኸት ተነሣ፤ ሰልፉም በፖሊስና በሰልፈኞች ግጭትና በአስለቃሽ ጭስ ተበተነ። ገዳዩ ከአገር ውጭ መሆኑ መንግሥትን ከጥያቄ አላዳነውም። ልጆቻችን ለምን በረሃ ያቋርጣሉ የሚለው ጥያቄ በዚያ ንግግር የሚዘጋ አልነበረም። ልጆቹን በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሲሸኝ ለኖረው ለመርሳና ለሀብሩ ሰውም ጥያቄው የራሱ ነበር።

ከውጭ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በሰሜን አየርላንድ ደሪ ከተማ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1972 የእንግሊዝ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፤ አንድ ቁስለኛ ኋላ ሞተ። በዚያው ዓመት የወጣው የመንግሥት ሪፖርት ጥፋቱን ወደ ሰልፈኞቹ አዘነበለ፤ የሟች ቤተሰቦችም አንቀበልም ብለው ለዓመታት ታገሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 አዲስ አጣሪ ተቋቋመ፤ ከ900 በላይ ምስክሮችን በአካል ሰማ፤ 12 ዓመትም ፈጀ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በፓርላማ ቆመው ግድያው ማመካኛ የሌለው በደል መሆኑን አምነው በመንግሥትና በአገሪቱ ስም ይቅርታ ጠየቁ። በደሪ አደባባይ በትልቅ ስክሪን የሚከታተለው ሕዝብ በጭብጨባና በእልልታ ተቀበላቸው። ለዚያ ንግግር ክብደት የሰጠው ከፊቱ የቀደመው የማዳመጥ ዘመን ነው። ቤተሰቦቹ ሪፖርቱን ከንግግሩ በፊት እንዲያነቡት መደረጉም አንዱ ቁም ነገር ነበር።

ወደ እኛው እንመለስ። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ሰሜን ወሎ የባሰ ሐዘን አየ። ወልዲያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው ቆዩ፤ በቆቦ ጳጉሜን 2013 ላይ ነዋሪዎች መገደላቸውን ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። ከዚያም የአማራ ክልል ወደ ሌላ ግጭት ገባ። ሐዘን በሐዘን ላይ ሲደራረብ የቀደመው ይረሳል ብሎ የሚያስብ ካለ የወሎን ሰው አያውቅም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። እውነት የሚያፈላልግ ኮሚሽን፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋሙ ያስባል። ለሰሜን ወሎ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በዚህ አገር ሽማግሌ ደም ሲያደርቅ መጀመሪያ የሚፈለገው ገዳዩ ወጥቶ ገደልሁ እንዲል ነው፤ ካሳውና እርቁ ከዚያ ይከተላል። ገዳይ ሳይታወቅ ደም አይደርቅም።

ስለዚህ ነገ ወደ ወልዲያ፣ ወደ መርሳ ወይም ወደ ሌላ ሐዘንተኛ ከተማ የምትሄዱ ሹማምንት ሆይ፣ የንግግር ወረቀታችሁን ከኪስ ከማውጣታችሁ በፊት ተቀመጡና ምን ሆኖ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ስትናገሩ የሟቾቹን ስም ጥሩ፤ የተኮሰውን ወገን፣ የራሳችሁ ወገን ቢሆንም፣ አትደብቁ። ለሙት ዓመቱም ተመለሱና ምርመራው የት እንደደረሰ ለቤተሰቡ ንገሩ። ይህን ያደረገ መሪ ንግግሩ ባያምርም ሕዝብ ለቅሶ ደራሽ ይለዋል፤ ያላደረገው ግን መግለጫ ሰጥቶ የሄደ ሰው ነው።