እንስሳን ስለ ማሳደግ

ውሻ ወይም ድመት ለማሳደግ የሚወድ ልጅ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመርምር፤ ምን ይበላል? ምን ይሠራል? ማን ይጠብቀዋል?

በጊንጪ ዙሪያ ያለ ገበሬ ጤፍና ስንዴ በጎተራ ያከማቻል። እህሉን አይጥ የሚያጠፋበት ሰው ድመት ቢያሳድግ ይጠቀማል፤ ድመት ጥቂት ትበላለች፥ ገላዋንም በምላስዋ ታጸዳለች። ለበጎቹ ጅብ የሚያሰጋው ሰው ግን ውሻ ይሻለዋል።

ቡችላ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ ሊለዩት አይገባም። ካደገም በኋላ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላልና፥ ዕለት ዕለት መብልና ውሃ ይሻል። ውሻም ድመትም በእብድ ውሻ በሽታ እንዳይያዙ በየጊዜው ይከተባሉ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ይገድላል፤ ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። በ1877 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ የተነከሰውን ልጅ በክትባት አድኖታል።

ቡችላን ለጨዋታ ወስዶ፥ ሲሰለቸው ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚጥል ልጅ ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ እንስሳውን ያስርባል፥ ጎረቤቱንም ያስነክሳል።

እንግዲህ መመገብ የማይችል አይውሰድ፤ የወሰደም አይጣል።