መልካቸው አንድ፣ ታሪካቸው ልዩ ልዩ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ የጁባ ሙቀት ገና ሳይበረታ ወደ ተሽከርካሪ ማቆሚያችን ብቅ ያለ ሰው ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው ያያል። ቀለማቸው አንድ ነው፤ ሞዴላቸው አንድ ነው፤ በጎናቸው ላይ በጥቁር የተጻፈው ፊደልም አንድ ነው። ቀዩ የጁባ አቧራ ሳይቀር በሁሉም ላይ እኩል የተነሰነሰ ይመስላል። ሾፌሮቹ ግን አይሳሳቱም። ታርጋ ሳይመለከቱ እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ይሄዳሉ። አንደኛውን በምን እንደሚለያት ብጠይቀው፣ «የእኔዋ በሯ ሲዘጋ ትስላለች» አለኝ።

በሰው ዓይን አንድ የሆኑ ዕቃዎችን ለይቶ ማወቅ ለወታደር እንግዳ ነገር አይደለም። በጦር አካዳሚ ሳለን ከሁሉ አስቀድሞ በቃላችን የያዝነው የጠመንጃችንን ቁጥር ነበር። እመቤቶችም ቢሆኑ በዚህ ረገድ ከእኛ አያንሱም፤ ለድግስ ተውሰው የሚሄዱት ሳህን ከጎረቤት ሳህን ጋር እንዳይቀላቀል ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጉበታል። የዛሬው ጽሑፌም ይህንኑ ጉዳይ የሚመለከት ነው፤ ልዩነቱ የምንለየው ሳህን ሳይሆን መኪና መሆኑ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «በፈረንጆች» ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ነገሩን ያነሣሣው ከክፍላችን አንድ ሃምሳ አለቃ ነው። አንድ ምሽት አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። በፎቶግራፉ ላይ ጭቃ የጠጣች፣ በበሯ ላይ በነጭ ክብ ውስጥ ቁጥር የተጻፈባት ቮልስዋገን ትታያለች። በአጠገቧ ቱታ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛው የሃምሳ አለቃው ሟች አባት ናቸው። በአዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰቡ ግቢም በሸራ የተሸፈነች አንዲት ቮልስ አለች። ልጆቹ ሁሉ ያደጉት «የራሊዋ መኪና» እያሉ ሲጠሯት ነው።

«ጌታዬ፣» አለኝ፣ «ገዢ መጥቷል። መኪናዋ በእርግጥ የተወዳደረች ከሆነች በዋጋው ላይ እኩሌታውን እጨምራለሁ ብሏል። ማስረጃ ግን ይፈልጋል።»

ባለቤቱ የላከችለትን መልእክትም አነበበልኝ። «ዋጋ ያለው ታሪኩ ከሆነ ታሪኩን ፈልግና እንሽጣት፤ ካልሆነም ቁርጡን ንገረኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ክረምቱ ደርሷል፣ የሁለቱም ልጆች መመዝገቢያ ጊዜ ቀርቧል» የሚል ነበር። እነሆ፣ ፍለጋው ለጨዋታ የተጀመረ አልነበረም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የሚባል የመኪና ውድድር ይካሄድ እንደነበረ የዘመኑ ሰዎች ያስታውሳሉ። ቮልስም ለእንዲህ ያለው መንገድ እንግዳ አልነበረችም። በ1946 ዓ.ም. በጎረቤት አገሮች በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች በተካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ድሉን የተቀዳጀው ቪክ ፕሬስተን የነዳው ቮልስ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ቶሚ ፍያስታድ በቮልስ አሸንፏል። ሞተሯ ከኋላ በመሆኑ የሚነዱትን ጎማዎች ተጭኖ ከጭቃ ያወጣታል፤ የምትቀዘቅዘውም በነፋስ ስለሆነ የሚፈላ ውኃ የላትም። ስለዚህ የአባትየው ታሪክ ሊሆን የሚችል ታሪክ ነው። ሊሆን የሚችልና የሆነ ግን ሁለት ነገር ናቸው።

የሃይላንድ ራሊ ልዩ ልዩ ዓይነት መኪኖች የሚሽቀዳደሙበት ነበር። በዓለም ላይ ግን ተወዳዳሪው ሁሉ አንድ ዓይነት መኪና የሚነዳባቸው ውድድሮች አሉ። የእነዚያን ጡረታ የወጡ መኪናዎች ታሪክ የሚከታተሉ ሰዎች የደረሱበት ብልሃት ለሃምሳ አለቃው ጥያቄ ከሁሉ የቀረበ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አንባቢን ጥቂት ራቅ አድርጌ ልወስደው እወዳለሁ።

የውድድሩ ሐሳብ ቀላል ነው። መኪናው አንድ ከሆነ የሚበላለጠው ሾፌሩ ይሆናል። የፈረንሳዩ ሬኖ ፋብሪካ በ1958 ዓ.ም. የጎርዲኒ ዋንጫን ሲጀምር ወጣቶቹ የተሽቀዳደሙት በሰማያዊ ቀለም ላይ ሁለት ነጭ መስመር በተሰመረባቸው ሬኖ 8 ጎርዲኒዎች ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በፍሎሪዳ የቮልስዋገን ነጋዴ የነበረው ሁበርት ብረንዴጅ የቮልስን ሞተርና ካምቢዮ በትንሽ የውድድር መኪና ላይ የመግጠም ሐሳብ አመጣ፤ ከዚያም ፎርሙላ ቪ የተባለው ውድድር ተወለደ። በኋላ የዓለም ሻምፒዮና የሆኑት ኒኪ ላውዳና ኬኬ ሮዝበርግ በዚያ በኩል ያለፉ ናቸው። ቤታችን ደጅ የምናያት የቮልስ ሞተር ሻምፒዮናዎችን አሳድጋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይኸው ላውዳ በ1971 ዓ.ም. ፕሮካር በተባለውና ተወዳዳሪው ሁሉ ቢ.ኤም.ደብልዩ ኤም 1 በሚነዳበት ውድድር አንደኛ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት አሸናፊው ኔልሰን ፒኬ ነበር። ይህ ጸሐፊ ከሁሉ የሚወደው ግን ግንቦት 4 ቀን 1976 ዓ.ም. በጀርመን አገር የሆነውን ነው። አዲሱ የኑርቡርግሪንግ ሜዳ ሲመረቅ 20 ዝነኛ ሾፌሮች፣ ከእነርሱም ውስጥ 9 የዓለም ሻምፒዮናዎች፣ አንድ ዓይነት መርሰዲስ 190 ተሰጥቷቸው ተሽቀዳደሙ። ያሸነፈው ያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት የነበረውና ብዙ ስም ያልነበረው ብራዚላዊው አይርተን ሴና ነው። ላውዳ ሁለተኛ፣ ካርሎስ ሮይተማን ሦስተኛ ሆኑ። ሴና የነዳት መኪና ዛሬ በፋብሪካው ሙዚየም ተቀምጣለች። እንግዲህ በዚያን ዕለት ጠዋት፣ ዕድሏ ከመታወቁ በፊት፣ ያቺ መኪና ከሌሎቹ 19 በምን ትለይ ነበር? ከቁጥሯ በቀር በምንም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ መኪኖቹ ይሸጣሉ። አንዱ ቀለሙን ቀይሮ የከተማ መኪና ይሆናል፤ ሌላው ተጋጭቶ ላሜራው በሙሉ ይለወጣል። የአንዱ በር በሌላው ላይ ይገጠማል፣ ሁሉም ልክ ነውና። በበሩ ላይ የሚጻፈው የውድድር ቁጥርም የሾፌሩ እንጂ የመኪናው አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ መኪና ላይ ይለጠፋል። በአንዳንድ ውድድሮች እንዲያውም ማንም እንዳያጭበረብር ሞተሩ በዕጣ ስለሚታደል፣ በሞተር ቁጥር የመኪናውን ማንነት ማወቅ ከንቱ ድካም ይሆናል። የተወዳደረ መኪና ካልተወዳደረው መንታው የበለጠ ዋጋ ስለሚያወጣ ደግሞ ያልተወዳደረውን አልብሶና ቀብቶ የሚሸጥ አታላይ አይጠፋም።

ስለዚህ አዋቂዎቹ ብረቱን ይጠይቃሉ። ውድድር ላይ የዋለ መኪና ቢገለበጥ ሾፌሩን እንዲጠብቅ በውስጡ የብረት ማገር ይገጠምለታል፤ ማገሩ ሲወጣ የብሎኑ ቀዳዳ ወይም የብየዳው ጠባሳ ይቀራል። በማይታይ ቦታ ቀለሙን ጥቂት ቢፍቁት የቀድሞው ቀለም ከሥር ብቅ ይላል። ከብረቱ ቀጥሎ ወረቀቱን ይመረምራሉ፤ ይኸውም የምርመራ ደብተሩን፣ የውጤት ዝርዝሩን፣ የሽያጭ ውሉን ነው። ፎቶግራፍንም በአጉሊ መነጽር ያያሉ፤ የታርጋው፣ የመስተዋቱ፣ የጭረቱ ቦታ ይነጻጸራል። ከዚያም መካኒኮቹ በሕይወት ካሉ ፈልገው ያነጋግራሉ።

በአገራችንም ቢሆን መልክ ምንም እንደማይናገር የሚያስረዳ ታላቅ ምሳሌ አለን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት ተሳፍረው የወጡት በአንዲት ተራ ቮልስ ነበር። ያን ዕለት በአዲስ አበባ ጎዳና ከሚመላለሱት ቮልሶች አንዷ የአንድን ዘመን ፍጻሜ ተሸክማ ስትሄድ በላሜራዋ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ወደ ሃምሳ አለቃው ቤት እንመለስ። እርሱ ያለው ጁባ፣ መኪናዋ ያለችው አዲስ አበባ ስለሆነ ምርመራው የባለቤቱ ዕጣ ሆነ። በስልክ እንዲህ አልናት፦ የኋላ መቀመጫውን አንሺ፤ በመካከል በሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ የተመታ ቁጥር ታገኛለሽ፤ በላምባ ጥረጊውና አንብቢው። ከዚያ የኋላ ኮፈኑን ክፈቺ፤ ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር የሞተሩ ቁጥር አለ። እርሷም ትልቋን ልጇን መብራት አስይዛ ሥራውን በአንድ ሰዓት ጨረሰች። (ከእኛ ሹፌሮች መካከል ይህን ያህል በጥንቃቄ የሚያነብ ስንት እንደሆነ አልናገርም።)

የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ሆነ። የሞተሩ ግን አልገጠመም፤ አንድ ጊዜ ተለውጦ ሳይመዘገብ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ የራሊ ነገር ሳይሆን ለማንኛውም ገዢና ሻጭ ራስ ምታት የሚሆን ጉዳይ ስለሆነ፣ ያረጀ መኪና በቤቱ ያለው አንባቢ ሁሉ ከሽያጭ በፊት ቢያስተካክለው ይበጀዋል።

የሻንሲው ቁጥር የሚጀምረው በ118 ነበር። በፈረንጆች ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ባሉት ባለ ዘጠኝ አኃዝ የቮልስ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓይነቱን፣ ሦስተኛው ዓመቱን ያመለክታል፤ ስለዚህ 8 የ1968 ሞዴል ናት። ከዚያ ፎቶግራፉን እንደገና ተመለከትነው። በፎቶግራፉ ላይ ያለችው ቮልስ የፊት መብራቷ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ በመስተዋት ክዳን የተሸፈነ ነው። የ1968ቷ ሞዴል መብራት ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ በግቢው ያለችውም እንደዚያው ናት። ሃምሳ አለቃው ፊቱ ጠቆረ።

ሆኖም ፍርዱን አላጣደፍነውም። የቮልስ መከላከያ ላሜራ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ከነመብራቱ ሊለወጥ ይችላል። ባለቤቱም በበኩሏ ከፊተኛው መቀመጫ በስተኋላ ወለሉ ላይ አራት የተደፈኑ ቀዳዳዎች አግኝታ ነበር። የማገር ቀዳዳዎች ይሆኑን? በቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን ሙዚየም በሻንሲ ቁጥር የመኪናዋን የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ መቼ እንደተሠራች፣ ቀለሟና የተላከችበት አገር ይታወቃል። ነገር ግን መኪናዋ ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ ምን እንደሠራች ሙዚየሙ አያውቅም።

የሚያውቅ ሰው በዚያው ግቢ ነበር። የሃምሳ አለቃው እናት ከልጃቸው ሚስት ጋር ቡና ሲጠጡ፣ «እማማ፣ ይቺ መኪና ራሊ ሮጣለች እንዴ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የለም ልጄ» አሉ። «በሥዕሉ ያለችው የፈረንጁ ናት። እሱ መካኒኳ ነበር፤ ሦስት ቀን ውሎ አድሮ ሲመለስ ቱታውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይቺን የገዛት ኋላ ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ቀዳዳዎቹስ?»

አሮጊቷ ሣቁ አሉ። ገበያ ሲሄዱ የበርበሬና የቅቤ ዕቃቸው እየተንከባለለ ስላስቸገራቸው ባላቸውን ለምነው ያስገጠሙት የእንጨት ሣጥን ነበረ።

ባለቤቱ በማግሥቱ ገዢውን ጠርታ የሆነውን ሁሉ፣ የሞተሩን ቁጥር ጨምሮ፣ አስረዳችው። እርሱም ተጨማሪውን ገንዘብ አነሣ፤ በቀረው ዋጋ ደግሞ እርሷ አልሸጥም አለች። ከአማቷ ጋር ከተነጋገረች ወዲህ መኪናዋን የምታያት በሌላ ዓይን እንደሆነ ለባሏ ነግራዋለች። ቅድመ ግዴታ ግን አስቀምጣለች፦ በመጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የልጆቹ መመዝገቢያ፣ ከዚያ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ እንዲታረም፤ ቀለም የመቀባት ወሬ እስከዚያ ድረስ እንዳይነሣ። ሃምሳ አለቃው ከጁባ የላከው የመጀመሪያው ገንዘብ ቆርቆሮ ሆኗል።

ትልቋ ልጅ አያቷ ስለ ባላቸው የሥራ ዘመን የሚያወሩትን በደብተር መጻፍ ጀምራለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር አስፍራለች። ሣጥኑንም ከዕቃ ቤት ፈልጋ አውጥታ በቀዳዳዎቹ ላይ ለክታዋለች፤ አራቱም ገጥመዋል።