የጡብ አጥር የወጪ ግምት ከጡብ ቆጠራ የሰፋ ነው

በአርሲ ዞን የጀጁ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አርቦዬና በመሰል የወረዳ ከተሞች ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ጽሕፈት ቤት በግንብ ለማጠር ሲታሰብ በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ ስንት ጡብ ያስፈልጋል የሚለው ነው፡፡ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከግምቱ ሥራ ቀላሉ ክፍል እርሱ ነው፡፡ በጀት አልቆ ግንብ ከወገብ ቁመት ሳያልፍ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በጡብ ቆጠራ ስህተት ሳይሆን ከቆጠራው ውጪ በቀሩ ወጪዎች ምክንያት ነው፡፡

ለማስረጃ ያህል 40 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 4 ሜትር ስፋት ያለው አንድ የመኪና በር የሚወጣለት አጥር ይወሰድ፡፡ ጠቅላላ ስፋቱ 80 ካሬ ሜትር ሲሆን የበሩ 8 ካሬ ሜትር ሲቀነስ 72 ካሬ ሜትር ይቀራል፡፡ በአገሪቱ የተለመደው ጡብ 25 በ12 በ6 ሴንቲ ሜትር ነው፡፡ አንድ ሴንቲ ሜትር የማያያዣ ውፍረት ሲታከልበት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግንብ በካሬ ሜትር 55፣ 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ደግሞ 110 ጡብ ይገባል፡፡ ብቻውን ለሚቆም አጥር የሚመረጠው ሁለተኛው በመሆኑ 7 ሺህ 920 ጡብ ያስፈልጋል፡፡ በጭነትና በማራገፍ ለሚሰበረው 5 በመቶ ሲጨመር ቁጥሩ 8 ሺህ 316 ይሆናል፡፡

ስሌቱ እስከዚህ ድረስ በማንኛውም ከተማ ተመሳሳይ ነው፡፡ ልዩነቱ የሚጀምረው ከማጓጓዣው ነው፡፡ የአንድ ጡብ ክብደት ሦስት ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ ከላይ የተጠቀሰው ጡብ 25 ቶን ያህል ይመዝናል፡፡ 10 ቶን የሚጭን መኪና ሦስት ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል፤ ሦስተኛው ምልልስ ግማሽ ጭነት ብቻ ቢይዝም ባለመኪናው የሚጠይቀው ሙሉ ሒሳብ ነው፡፡ በመሆኑም የአዲስ አበባን ወይም የአዳማን የጡብ ዋጋ ወስዶ በቁጥሩ ማባዛት ለአርቦዬ ግምት አይሆንም፡፡ ትክክለኛው የነጠላ ዋጋ ጡቡ በሥራው ቦታ ተራግፎ፣ ተቆጥሮና ተደርድሮ እስኪቀመጥ ድረስ የወጣውን ሁሉ የሚያካትት ነው፡፡

ሁለተኛው ዝንጋታ መሠረቱ ነው፡፡ መሠረቱ ግማሽ ሜትር ስፋትና 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ በበሩ ሥርም የሚያልፍ በመሆኑ ሙሉው 40 ሜትር ይታሰብና 16 ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ ይወጣዋል፡፡ ከመሬት በላይ የሚታየው የጡብ ግንብ ራሱ 18 ሜትር ኩብ ነው፡፡ የማይታየው ሥራ ከሚታየው ጋር ተቀራራቢ ነው ማለት ነው፡፡ ክረምት ሲገባ የሚያብጥ በጋ ሲሆን የሚሰነጠቅ መረሬ አፈር ባለበት ቦታ ደግሞ ቁፋሮው ይጠልቃል፣ ተቆፍሮ የሚወጣውን አፈር ማስወገድም የራሱ ወጪ አለው፡፡

ለጡብ ማያያዣ የሚውለው ሲሚንቶና አሸዋ ብክነትን ጨምሮ 4 ነጥብ 5 ሜትር ኩብ ያህል ቡኮ ይሆናል፡፡ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ከተቀላቀለ 33 ከረጢት ሲሚንቶና ወደ 4 ነጥብ 7 ሜትር ኩብ አሸዋ ይጠይቃል፡፡ ቅልቅሉ ወደ አንድ ለስድስት ቢወርድ 24 ከረጢት ይበቃል፡፡ በመካከሉ ያሉት ዘጠኝ ከረጢቶች የቁጥጥር ባለሙያ በሌለበት ሥራ በቀላሉ የሚጠፉ ናቸው፤ ስለዚህ የቅልቅሉ መጠን በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል፡፡ ግንቡ በሁለቱም ገጽ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የሚለሰን ከሆነ ለ144 ካሬ ሜትር ተጨማሪ 2 ነጥብ 9 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፡፡

በመለኪያ ረገድም ጥንቃቄ ያሻል፡፡ በገበያ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ማለት 100 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ሁለት ከረጢት ነው፡፡ ግምቱ በኩንታል ተጽፎ ዋጋው በከረጢት ከተሰበሰበ ሒሳቡ በግማሽ ያንሳል፡፡ አሸዋም ቢያጆ በሚባለው የመኪና ጭነት ይሸጣል፤ ሆኖም የመኪናው ካሶኒ መጠን ስለሚለያይ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተለክቶ በሜትር ኩብ መመዝገቡ ክርክርን ያስቀራል፡፡

በሠራተኛ በኩል አንድ ግንበኛ ከረዳቱ ጋር በቀን 500 ጡብ ያህል ይደረድራል ተብሎ ቢታሰብ ሁለት ግንበኞች ግንቡን በስምንት ቀናት ያነሱታል፡፡ ጡቡ ከመደርደሩ በፊት የሚነከርበትና ግንቡ ቢያንስ ለሰባት ቀናት የሚርስበት ውኃም ይከፈልበታል፡፡ በበጋ ውኃ በቦቴ በሚቀርብበት ከተማ ይህ ወጪ እንደ ጥቃቅን የሚታይ አይደለም፡፡

ብሎኬት ለዚሁ አጥር ብክነትን ጨምሮ በካሬ ሜትር 13፣ በድምሩ 936 ይበቃል፡፡ አሸዋና ጠጠር በቅርብ በሚገኝበት ቦታ ብሎኬቱን እዚያው ማምረት ስለሚቻል ከሩቅ የሚመጣው ሲሚንቶው ብቻ ይሆናል፡፡ በመሆኑም ለአርቦዬ ዓይነት ከተማ ጡብ ከመመረጡ በፊት የሁለቱም ግምት ጎን ለጎን ቢቀርብ ይበጃል፡፡ ጡብ ያለ ልስን መቆም መቻሉ ግን በንጽጽሩ ውስጥ ሊዘነጋ አይገባም፡፡

የተሰበሰበ ዋጋ ቀን ሊጻፍበት ይገባል፡፡ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በአገሪቱ በታየው የሲሚንቶ እጥረት በመስከረም የተሠራ ግምት በጥር የማይሠራበት ሁኔታ አጋጥሟል፡፡ የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. ወደ ሥራ መግባቱ አቅርቦቱን ቢያሰፋውም የማጓጓዣው ወጪ በቦታው አለ፡፡ በግምቱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና እንደ ሥራው ጠባይ መጠባበቂያ ይታከልበታል፡፡

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ ሲሆን ክረምቱም የሚገባው በዚያው ወር ነው፡፡ ግምቱ በጥቅምት ተጠናቆ ጨረታው በኅዳር ከወጣ ቁፋሮው በደረቅ ወራት ያልቃል፤ እስከ ሚያዝያ ከዘገየ ግን መሠረቱ ውኃ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ይጀመራል፡፡