ከፋብሪካው በር ወደ ውስጥ

አንዲት ጠና ያለች ሴት መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ትታገላለች። ክሩ ቀዳዳውን እየሳተ ይመለሳል፤ ካሜራው ግን አይቸኩልም። ይህ ታይዋናዊው ቼን ቺዬ ጄን እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው «ፋብሪካ» የተሰኘ ቪዲዮ ነው። በቪዲዮው የሚታዩት ሴቶች ጉልበታቸውን በሊየን ፉ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የጨረሱ ናቸው። ፋብሪካው በ1996 ሲዘጋ የስንብት ክፍያም ጡረታም ተከለከሉ። ከሰባት ዓመት በኋላ ቼን አቧራ ወደ ዋጠው አዳራሽ መልሶ ወሰዳቸውና ቪዲዮውን ያለ ድምፅ አቀረበው። ያኔ ጮኸው ሰሚ ያጡ ሴቶች አሁን በዝምታ ያዩናል። ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ካየኋቸው ሥራዎች እንደዚህ ልቤን የነካኝ የለም።

ከእሱ በፊት ጀርመናዊው ሃሩን ፋሮኪ በ1995 ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያሳዩ የመቶ ዓመት ትዕይንቶችን ሰብስቦ ነበር። መነሻው ሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 የቀረጹት አጭር ፊልም ነው። ፋሮኪ ያስተዋለው ነገር ከባድ ነው፦ ሲኒማ ከፋብሪካው በር አልፎ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከስንት አንዴ ነው።

በሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ደግሞ የሥራውን መልክ ይወስናል። ቻይናዊቷ ጻኦ ፌይ በ2006 «የማን ዩቶፒያ»ን የቀረጸችው ፎሻን ባለው የኦስራም አምፖል ፋብሪካ ነው፤ ያስገባት የሲመንስ የሥነ ጥበብ ፕሮግራም ነበር። ሠራተኞቹ በማሽኖቹ መካከል ይደንሳሉ፣ ጊታር ይጫወታሉ። ውብ ነው፤ ተቃውሞው ግን ለስላሳ ነው። የአገሯ ልጅ ዋንግ ቢንግ በ2017 በ«15 ሰዓት» ሌላ መንገድ መረጠ፦ ዥሊ ከተማ ባለ ስፌት ቤት የአንድ ቀን ሥራን፣ ቀኑ የፈጀውን ያህል ረዝሞ እንድናየው አደረገ። የኮሪያው ኢም ሁንግ ሱን እናቱ ራሷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከሴኡል ሴት ሠራተኞች ትግል እስከ 2014ቱ የካምቦዲያ አድማ የሚዘልቀው ሥራው በ2015 በቬኒስ ቢዬናሌ የብር አንበሳ ሽልማት አግኝቷል።

እኔ ይበልጥ ተስፋ የምጥለው ግን በ2006 በወጣው «ማኪላፖሊስ» ላይ ነው። የሜክሲኮዋ ቲኋና የፋብሪካ ሴቶች ካሜራውን ራሳቸው ይዘው ሕይወታቸውን ቀረጹ። ድህነታቸውን ብቻ ሳይሆን ሰፈራቸውን በእርሳስ ከመረዘው ፋብሪካ ጋር ያደረጉትን ሙግትም አሳዩን።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፓርኩ የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፉ፤ በዓለም ልብስ አምራች አገሮች ካዩት ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። የቪዲዮ ባለሙያዎቻችን ሆይ፣ ወደ እነዚያ ሰፊዎች ስትሄዱ ሥቃያቸውን ቀርጻችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ካሜራውን ለእነሱ ስጧቸው፣ ምን እንደሚቀረጽም እነሱ ይወስኑ።