የዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራና የነጋዴው ጥቅም

አንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን አወዳድሮ ለመቅጠር የሚፈልግ መሆኑን በጋዜጣ ሲያስታውቅ፣ ብዙው ነጋዴ ነገሩ የመምህርና የተማሪ ነው ብሎ ገጹን ገልብጦ ያልፋል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በቅርብ ሲመረመር፣ በዚያች አጭር ማስታወቂያ ውስጥ የላኪውም፣ የአስመጪውም፣ የባለሱቁም ጥቅም ይገኛል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ቡና ነው። የቡናን ፍሬ ገና በእሸቱ የሚያጠቁረው በሽታ በኬንያ በ1922 እ.ኤ.አ. ታውቆ የነበረ ሲሆን፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ፍሬው ሳይበስል ሲደርቅ ገበሬው ብቻ ሳይሆን ሰብሳቢውም ላኪውም አብረው ይከስራሉ። በዚያን ጊዜ በጅማ፣ መልኮ በተባለው ሥፍራ የሚገኙት የምርምር ሠራተኞች፣ በበሽታው መካከል ሳይነኩ የቆሙትን የቡና ዛፎች እየፈለጉና ዘራቸውን እየፈተኑ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለገበሬው እንዲደርሱ አደረጉ።

ሁለተኛው ምስክር እናቶች ከጥንት ጀምሮ ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳር፣ የቢልሃርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከሁለት ዓመት በኋላም በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ማንም በየቀኑ ሲያየው የነበረውን ነገር፣ የተማረ ዓይን ለይቶ አየው።

ሦስተኛው ምስክር ለላኪዎች ቅርብ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ውስጥ የተባይ መድኃኒት ቅሪት በማግኘቷ፣ ግዥዋ እጅግ አሽቆለቆለ። እንዲህ ያለው ጉዳት ዕቃው ከወደብ ሳይወጣ በአገር ውስጥ ላቦራቶሪ ቢታወቅ፣ ወጪው ከኪሳራው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በምርምር የሚቀጠር ሁሉ ፕሮፌሰር አይደለም። አዲስ ምሩቅ በረዳትነት ይጀምራል፤ ማስተርሱንና ዶክትሬቱን እየጨመረ በማዕረግ ይወጣል። ከእርሱም ጋር የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የችግኝ ጠባቂና የጽሕፈት ሠራተኛ ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የቡና ችግኝ የመጀመሪያ ፍሬውን የሚሰጠው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ተመራማሪው ውጤቱን እንደ ነጋዴው በወሩ መጨረሻ ሊቆጥረው አይችልም። ደመወዙ ካልበቃውና መሣሪያ ካጣ ግን ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ የጀመረው ፈተናም ከነችግኙ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ነጋዴው ከዚህ ሥራ ርቆ መቆም አይገባውም። በመጋዘኑ የነቀዘውን እህል፣ ከውጭ አገር የተመለሰበትን ዕቃ ናሙና ወደ ተመራማሪው ቢልክ፣ ለዩኒቨርሲቲው የሚመረመር ጉዳይ፣ ለራሱም መፍትሔ ይገኝለታል። ልጁም ከሱቁ ይልቅ ላቦራቶሪውን ቢመርጥ፣ ንግዱን እንደ ካደ አይቁጠረው፤ ምናልባት የአባቱን ዕቃ ከጥፋት የሚያድነው እርሱ ይሆናል። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው፤ ተመራማሪ የሚፈለገው በሽታው ከገባ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነውና።