ሙቅ አየር የሚያዞረው ሞተር

ካንዴላ የለውም፣ ቫልቭ የለውም፣ ነዳጅም ሆዱ ውስጥ አያቃጥልም። በውስጡ ያለው ተራ አየር ነው፤ ያውም የማይገባ የማይወጣ፣ ታሽጎ የተቀመጠ አየር። እሳቱ ከውጭ ሆኖ አንዱን ጎን ያግላል፣ ሌላው ጎን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል፤ በሁለቱ ልዩነት መዘውሩ ይዞራል። ስተርሊንግ ሞተር ይሉታል። ፋብሪካዎች በተለያየ ጊዜ አንሥተው ጥለውታል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሳይጠፋ የኖረው ግን በአብዛኛው ለእንጀራቸው ሳይሆን ለፍቅሩ በሚሠሩት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው።

አሠራሩን ለማየት አንድ ቴስት ቲዩብ፣ አራት አምስት ብይ እና አንድ የመስታወት ሲሪንጅ ይበቃሉ። ብዮቹ ቲዩቡ ውስጥ ይገባሉ፤ ቲዩቡ መሐሉ ላይ ተይዞ ጫፍና ጫፉ ከፍ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይታሰራል። ድፍኑ ጫፍ ከአልኮል ኩራዝ በላይ ይሆናል። አፉ በቡሽ ይደፈናል፤ ቡሹን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ ከሥር ከቆመው ሲሪንጅ ጋር ያገናኘዋል። ብዮቹ ወደ አፉ ሲንከባለሉ አየሩ ቦታ ለቆ ወደ ጋለው ጫፍ ይሄዳል፤ እዚያ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ ሲሪንጁን ይገፋል፤ የቲዩቡ አፍ ወደ ላይ ይነሣል። አፉ ሲነሣ ብዮቹ ተመልሰው ወደ ጋለው ጫፍ ይወርዱና አየሩን ወደ ቀዝቃዛው በኩል ያባርሩታል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ሲሪንጁን ወደ ውስጥ ይስባል፣ አፉ ይወርዳል፣ ብዮቹ እንደገና ይንከባለላሉ። ኩራዙ እስኪጠፋ ድረስ እንዲህ ቋ ቋ እያለ ይቀጥላል።

ልብ በሉ፤ ብዮቹ አየሩን ቦታ ከማስለወጥ በቀር ጉልበት አልሰጡም። ክራንክና መዘውር ባለው ሞተር ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ቀለል ያለ፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የማይነካካ ድፍን ዕቃ ነው። እዚህ አዘዋዋሪ እንበለው። ጉልበት የሚሰጠው ሌላው፣ በልኩ ተሠርቶ የሚንሸራተተው ፒስተን ነው። ጀማሪውን ግራ የሚያጋባው ሁለቱም ወዲያ ወዲህ ስለሚመላለሱ ነው፤ አዘዋዋሪውንም ፒስተን ብሎት አየር እንዳያሳልፍ ለማጥበቅ ሲደክም ይውላል። ከጠበቀ አየሩ በየት ይለፍ? በዙሪያው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት ሊተውለት ይገባል። ሁለቱ በአንድ ክራንክ ላይ ይታሰራሉ፤ አዘዋዋሪው ፒስተኑን በሩብ ዙር፣ ማለትም በ90 ዲግሪ፣ ይቀድመዋል። እኩል እንዲሄዱ ከታሰሩ ሞተሩ አይዞርም። ቀዳሚውን ተከታይ ካደረጉት ደግሞ ይዞራል፤ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ።

የሐሳቡ ባለቤት ሮበርት ስተርሊንግ መካኒክ ሳይሆን የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1816 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለአገልግሎት ተሹሞ በዚያው ዓመት የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1818 አንዱ ሞተሩ በኤርሻየር የድንጋይ ማውጫ ውስጥ ውኃ ይስብ ነበር። እኔን ከሞተሩም ይበልጥ የሚያስገርመኝ ኢኮኖማይዘር ብሎ የጠራው ክፍል ነው፤ አየሩ ከጋለው ወደ ቀዝቃዛው ሲያልፍ ሙቀቱን የሚተውበት፣ ሲመለስ ደግሞ የሚረከብበት። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ ስለ ሙቀትና ጉልበት ያሳተመው፣ ለቴርሞዳይናሚክስ ሳይንስ መሠረት የሆነው መጽሐፍ የወጣው በ1824 ነው፤ ቄሱ በስምንት ዓመት ቀድሞታል። ዛሬ የጠረጴዛ ሞተር የሚሠሩት ሰዎች ለዚሁ ሥራ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይጠቀማሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ተስፋና ውድቀት የተፈራረቁበት ነው። ወንድሙ ጀምስ መሐንዲስ ስለነበር በ1843 ዳንዲ ከተማ ውስጥ በሚገኝ የብረት ማቅለጫ የእንፋሎቱን ሞተር አስነሥቶ የአየሩን አስተከለ። ጥቂት ዓመታት ሠራ፤ ነገር ግን እሳት የሚልሰው የሲሊንደሩ ክፍል እየተቃጠለ ስላስቸገረ ማቅለጫው ወደ እንፋሎት ተመለሰ። ጉድለቱ የሐሳቡ ሳይሆን የዘመኑ ብረት ነበር። ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ጆን ኤሪክሰን ደግሞ በ1853 ዲያሜትራቸው ከ4 ሜትር ያለፈ ፒስተኖች ያሉት ሙቅ አየር ሞተር በመርከብ ላይ ገጠመ። መርከቡ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አዝጋሚ ነበር፣ በእንፋሎት ተተካ። ኤሪክሰንን የካሰው ትንሹ ሞተር ነው፤ ውኃ መሳቢያ እየሆነ በሺዎች ተሸጠ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሆላንዱ ፊሊፕስ መብራት በሌለበት ሬዲዮ ለማሠራት፣ በላምባ የሚሠራ ድምፅ አልባ ጄኔሬተር ለማውጣት ተነሣ። ጄኔሬተሩ ደርሶ ለገበያ ሲቀርብ ትራንዚስተር መጣ፤ ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይ መሥራት ጀመረ፣ ገበያውም ተዘጋ። ፊሊፕስ ግን ሞተሩን ገልብጦ፣ በሌላ ሞተር እያዞረ፣ አየርን ወደ ፈሳሽነት የሚለውጥ ማቀዝቀዣ አደረገው። ዛሬ የስዊድን ሰርጓጅ መርከቦች ውኃ ውስጥ በጸጥታ ለመቆየት በዚሁ ሞተር ይጠቀማሉ።

አማተሮቹን ከሁሉ ይበልጥ ያነቃቃቸው ግን የዛግሬብ ዩኒቨርሲቲው ኢቮ ኮሊን ነው። በ1983 ዱብሮቭኒክ ላይ፣ እሳት ሳይነድድ፣ በፈላ ውኃ ብቻ የሚዞር ጠፍጣፋ ሞተር አሳየ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጀምስ ሴንፍት ከዚያ ተነሥቶ ሞተሩን እያቀለለ፣ ሰበቃውን እየቀነሰ ሄደና የግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት የሚበቃው ሠራ። በሻይ ስኒ አፍ ላይ ወይም በመዳፍ ላይ ተቀምጠው የሚዞሩት መጫወቻ መሳይ ሞተሮች የዚህ ዘር ናቸው።

በሻይ ላይ ያለው ሞተር ለምን ጠፍጣፋ ሆነ? መልሱ ሒሳብ ነው። ሻዩ 85፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆን፣ በካርኖ ሕግ መሠረት ማንም ጠቢብ ከዚያ ሙቀት ከ17 ወይም 18 በመቶ በላይ ወደ ሥራ መለወጥ አይችልም፤ በጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ደግሞ የዚያ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ብዙ አየር በሰፊ ሳህን ላይ ማሞቅና በትንሽ ፒስተን መሥራት ግድ ይላል። ኮሊን ከብዙ ሙከራ ያገኘው ቀላል ስሌት አለ፤ የሙቀቱን ልዩነት ለ1100 ማካፈል። ልዩነቱ 55 ዲግሪ ከሆነ 0.05 ይመጣል፤ ሞተሩ 200 ሴንቲ ሜትር ኩብ አየር ቢይዝ፣ ፒስተኑ በአንድ ምልልስ የሚጠርገው ከ10 ሴንቲ ሜትር ኩብ መብለጥ የለበትም። ጀማሪዎች ግን ትልቅ ፒስተን ትልቅ ጉልበት ይሰጣል ብለው ያስባሉ። ፒስተኑ ሲገዝፍ ደካማው አየር ይሸነፋል፤ ሞተሩ ግማሽ ዙር ሄዶ ተመልሶ ይቆማል።

በኩራዝ የሚሠራው የጣሳ ሞተር ይቅር ባይ ነው፤ ልዩነቱ በመቶዎች ዲግሪ ስለሆነ ትንሽ ጉድለት ይሸፍናል። ሲሊንደሩ ከቀጭን የብረት ጣሳ ቢሆን ይመረጣል። አሉሚኒየም ሲታይ ያምራል፣ ለመቁረጥም ይቀላል፤ ነገር ግን ሙቀቱን በግድግዳው በኩል ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ፈጥኖ ስለሚያሻግር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለቱም ጎን ይግላል፣ ልዩነቱ ያልቃል፣ መዘውሩ ይቆማል። ቀዝቃዛውን ጫፍ በውኃ መክበብ ኩራዙን ከማጉላት የተሻለ መፍትሔ ነው። በፒስተን ፈንታ የተወጠረ ፊኛ የሚያደርጉም አሉ፤ ለመነሻ አይከፋም።

የዚህ ሞተር ጠላት የእሳት ማነስ አይደለም፤ ሰበቃና የአየር ማምለጥ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ላለማፍሰስ ሲያጠብቁት ይያዛል፣ እንዳይያዝ ሲያላሉት ያፈስሳል። የኦሃዮው አማተር አንዲ ሮስ ስሙ የቀረው ፒስተኖቹ ግድግዳውን በጎን እንዳይገፉ የሚያደርግ ቀንበር መሳይ ማያያዣ በመፈልሰፉ ነው። የሰበቃውና የማፍሰሱ መፈተኛ በእጅ ያለ ነው። ደረቁን የመስታወት ሲሪንጅ ሽቅብ አቁሞ አፉን በጣት መድፈን፤ ዘንጉ ከላይ ተንጠልጥሎ በጣም በዝግታ መውረድ አለበት። ጣትን ማንሣት፤ በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ መግባት አለበት። ሁለቱን ፈተና ያለፈ ሲሪንጅ ጥሩ ፒስተን ነው። ዘይት መቀባት አያስፈልግም፤ ወፍራም ዘይት ለዚህ ጉልበት ፍሬን ማለት ነው። የአዘዋዋሪው ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳም እንዲሁ ነው፤ የብስክሌት ጎማ ሽቦ በልኩ በሆነ የነሐስ ቱቦ ውስጥ ቢያልፍ ማጥበቂያ ጎማም ጓርኒሲዮንም አይፈልግም። መዘውሩን ብቻውን ገፋ አድርጎ መልቀቅ ደግሞ የኩሽኔታውን ጤና ይናገራል።

የአዲስ አበባ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። የዚህ ሞተር ጉልበት በውስጡ ባለው የአየር ግፊት ልክ ነው፤ የሰርጓጁ ሞተር በብዙ ግፊት የታመቀ ጋዝ የሚይዘው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውኃም 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። በውጭ አገር ንድፍ ላይ የተጻፈው የዙር ብዛት እዚህ ባይደርስ ጥፋቱ የሠሪው ላይሆን ይችላል። በዕቃ በኩል ግን አይታማም፤ ጣሳና ላሜራው ከምናለሽ ተራ አይጠፋም፣ መዘውሩንም ማንኛውም ቶርኖ ቤት ያወጣዋል።

አንዳንዱ በጣሳ ሞተር ቤቱን መብራት ሊያበራ ያስባል። አያበራም። በደንብ የተሠራ የጠረጴዛ ሞተር አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ ካበራ ተሳክቶለታል ማለት ነው፤ ጉልበቱን ለማሳደግ ብሎ በጣሳ ውስጥ አየር ማመቅም ጣሳውን ያፈነዳል። ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከጣሳው በፊት ሲሪንጁን ይፈልግ። ፋርማሲዎች አሁን የሚሸጡት ፕላስቲክ ጎማው ስለሚይዝ አይሆንም፤ የድሮውን የመስታወት ሲሪንጅ የላቦራቶሪ ዕቃ ሻጮችን ይጠይቁ። እሱ ከተገኘ የጣሳው ስፋት፣ የአዘዋዋሪው ቁመትና የክራንኩ ርዝመት ከእሱ ተለክቶ ይወጣል።